ፒያሳ ከግሪክ እስከ እድራችን

መቼ እንደነበረ በትክክል አላስታውስም። የፒያሳው ቤታችን ፈርሶ ከከተማው ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ከገባን በኋላ ነው፤ ጾም ይሁን ፍስክ ግን ጠፍቶብኛል። ባለቤቴ አልጋ ይዛለች፤ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ውሰዳት ብለውኛል። ሌት ተቀን የሚያስጨንቀኝ አንድ ነገር ነበር፤ ሰው በማላውቅበት ሰፈር ማን ይቀብርልኛል?

በዚህ መሀል የፒያሳው እድራችን ስብሰባ ጠራና አራት ኪሎ፣ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተገናኘን። የእድሩ ዳኛ ነገር ሳያበዛ፣ "ፒያሳችን ፈርሷል፤ እኛም ተበትነናል። ድንኳኑንም ድስቱንም ሸጠን እንለያይ" አለ። አንገቴን ደፋሁ።

ፒያሳ ሳለን የግድግዳ ጎረቤቴ የነበረችው ልብስ ሰፊ ተነሳች። አባቷ ግሪክ፣ እናቷ የመንዝ ሰው ናቸው፤ ያደገችውም አባቷ ሱቅ ውስጥ የፈረንጁን ሁሉ ቋንቋ እየሰማች ነው።

"ፒያሳ የግንቡ ስም መሰለህ እንዴ?" አለችው። "አባቴ 'ፕላቲያ' ነበር የሚለው። በጥንት ግሪክ ሰፊው መንገድ ማለት ነው። ሮማውያን ወሰዱት፤ ከነሱ ወዲህ አደባባዩ ለጣሊያኑ ፒያሳ፣ ለስፔኑ ፕላሳ፣ ለጀርመኑ ፕላትስ ሆነ። ፈረንሳዩማ 'ፕላስ' ብሎ ቦታም ይልበታል፣ መቀመጫም ይልበታል። ይህን ሁሉ አገር ሲዞር ያልሞተ ቃል፣ እኛ ኮንዶሚኒየም ስለገባን ይሞታል?"

"ኧረ እትዬ፣ ግሪክኛው ይቆየንና፣ ጡሩምባ ነፊያችን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ድረስ በእግሩ እየነፋ ይሂድ?" አላት ዳኛው።

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

"ከዛሬ ጀምሮ ጡሩምባው እኔ ነኝ" አለች። "ስልካችሁን ስጡኝ። ሰው ሲያርፍ ለሁላችሁም እደውላለሁ። ስልክ ያላነሳ፣ ቤቱ ድረስ ሄጄ እሰድበዋለሁ።"

አንድ ሁለት እያለ እጅ ተነሳ። በመጨረሻ ዳኛውም ፈገግ ብሎ አነሳ። ድንኳኑ ሳይሸጥ ቀረ።

ባለቤቴ ብዙ አልቆየችም። ያረፈችው ማለዳ ላይ ነው። ለልብስ ሰፊዋ ብቻ ደወልኩና ከባለቤቴ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሌላ የማደርገው አልነበረኝም። ፀሐይ ገና ሳትበረታ ድንኳን የጫነ መኪና ከሕንጻው ሥር ቆመ። ከየአቅጣጫው ታክሲ ተሳፍረው የመጡት ወንዶች ነጠላቸውን አደግድገው ካስማ ይመቱ ጀመር። ሴቶቹም ደረጃውን እያለቀሱ ወጡ። ባለቤቴ በወጉ ተለቀሰላት፣ በወጉም ተቀበረች።

ያን ቀን ብቻዬን ብሆን አልወጣውም ነበር። ያሻገረችኝ ያቺ የግሪኩ ልጅ፣ ልብስ ሰፊዋ ጎረቤቴ ናት።