እርካቡ የተያዘበት ዜማ መሪ

ኦዚያስ ጊንግሪች በኮነስቶጎ ወንዝ ዳር ባለው ወፍጮ ቤት ጆሮው የተመሰከረለት ሰው ነበር። ድንጋዩ እየጮኸ፣ ቀበቶው እየተማታ፣ ሌላው ሰው የራሱን ሳል እንኳ በማይሰማበት ሰዓት እሱ ከበሩ ላይ የጠራውን ገበሬ ሰምቶ ይመልሳል። "ኦዚያስን ማማት የፈለገ ወንዙን ተሻግሮ ይማው" ይሉ ነበር።

እሁድ እሁድ ደግሞ የጉባኤያችን ዜማ መሪ ነው። እኛ ዘንድ ኦርጋን የለም፤ ዝማሬው የሚነሳው ከአንድ ሰው ጉሮሮ ነው። መሪው ፊተኛው አግዳሚ ላይ ጀርባውን ለሕዝቡ ሰጥቶ ይቀመጣል። ሰባኪው ራሱን ሲነቀንቅለት ስትመታ አንድ ወጥ ድምፅ የምትሰጠውን ባለሁለት ጣት የብረት ሹካ ጉልበቱ ላይ መታ ያደርግና መነሻ ድምፁን ከእሷ ወስዶ ይጀምራል። ሌሎች መሪዎች ሹካዋን ወደ ጆሯቸው ያስጠጋሉ፤ ኦዚያስ ግን እጀታዋን ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ላይ ይተክላታል። ልማድ መሰለን። ቀስ ብሎ መናገሩንም ትሕትና አልነው። ሰባኪያችን ምናሴ ሽራንትዝ አንድ ጊዜ በስብከቱ መሐል ለወጣቶቹ ምሳሌ አድርጎ ጠቀሰው። ያን ቀን ኦዚያስ እስከ መጨረሻው አንገቱን እንደ ደፋ ቆየ። ያንንም ትሕትና አልነው።

እውነቱን የሚያውቁት እሱና የከተማው ሐኪም ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ በጸደይ ወራት ልክ እንደ እሱ ያለች ሹካ ከመሳቢያው አውጥቶ መታና ጆሮው አጠገብ ያዛት፤ ምንም። አጥንቱ ላይ አሳረፋት፤ ጥርት ብላ ተሰማችው። ከዚያ ጎኑ ተቀምጦ አስረዳው። ድምፅ በጆሮ ቀዳዳ ገብቶ ታምቡሩን ያንቀጠቅጣል። ከታምቡሩ ኋላ ሦስት አጥንቶች ተያይዘዋል፤ መዶሻ፣ መስፍ እና እርካብ ይባላሉ። እርካቧ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ቢሆንም ትንሽ መስኮት ላይ ወደ ውስጥ ወደ ውጭ እያለች፣ ቀንድ አውጣ በሚመስለው ክፍል ያለውን ውኃ የምታናውጥ እሷ ናት። ውኃው ሲናወጥ ጥቃቅን ፀጉሮች ይታጠፋሉ፤ ነርቩም ወሬውን ለአንጎል ያደርሳል። የኦዚያስ እርካብ ግን ዙሪያዋን አጥንት በቅሎባት ተይዛለች። አጥንት ላይ የተተከለች ሹካ በሩን ትታ በግድግዳው ትገባለች። የገዛ ድምፁም በራስ ቅሉ በኩል ስለሚገባለት የጮኸ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ያንሾካሹካል። ወፍጮ ቤት የሚሰማው ደግሞ ሰዉ ሁሉ ጫጫታውን ለማሸነፍ ስለሚጮኽ ነው። ችግሩ ጸጥታ ላይ ነው።

"ቶሮንቶ ይህችን እርካብ የሚያላቅቁ ሐኪሞች አሉ" ብሎት ነበር። ኦዚያስ አመስግኖ ወጣ፤ ለማንም አልተናገረም። የማይሰማ ዜማ መሪ ማን ይፈልጋል?

እኛ ዘንድ ያጠፋ ሰው በጉባኤ መሐል ቆሞ ጥፋቱን ይናገራል፤ ሰባኪው ይቅርታውን ያውጃል፤ ከዚያ ይዘመራል። በመስከረም አንድ እሁድ መበለቷ ሳሎማ ባውማን ከሴቶቹ ወገን ተነሳች። ባሏ ከሞተ ወዲህ ምድር ቤቷ ውስጥ፣ ከድንች ሳጥኑ ኋላ፣ ጉባኤያችን የከለከለውን ራዲዮ ደብቃ ስታዳምጥ ከርማለች፤ ይህንንም ለሽማግሌዎቹ ቀድማ ነግራ ነበር። ምናሴ "በርቺ" ለማለት ራሱን ነቀነቀላት።

"ወንድሞችና እህቶች፣ ቤቱ ጸጥ ሲልብኝ..." ብላ ገና ስትጀምር፣ ጀርባውን የሰጣት ኦዚያስ የሰባኪውን ራስ አይቶ ሹካዋን መታና ዜማውን አነሳ። ከልማድ ብዛት ግማሹ ሕዝብ ተከተለው። ምናሴ እጁን እስኪያነሳ ድረስ ሳሎማ ኮፍያዋን ይዛ ወጥታለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ፣ የጋሪው መንኮራኩር እየተንኳኳ፣ ሚስቱ ሉሲንዳ ጮኸችበት።

"ምን ነካህ አንተ ሰው? ሴትዮዋ እየተናገረች በዝማሬ አፏን ትዘጋለህ?"

"የቷ ሴትዮ? ምናሴ ነቀነቀልኝ እኮ።"

"ለሳሎማ ነው የነቀነቀላት!"

ፊቱ እስከ አንገቱ ቀላ። "አልሰማሁም" የሚለው ቃል ምላሱ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

በማግስቱ ሽማግሌው አብነር ወፍጮ ቤት መጥቶ ጀርባውን ቸብ አደረገው። "አበጀህ! ራዲዮና ዝማሬ አብረው አይሄዱም አልካት፤ እንዲህ ነው እንጂ!" ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ኦዚያስ የዱቄቱን ከረጢት ተሸክሞ ጓዳ ገባ፤ እዚያም ከረጢቱን ሳያወርድ ቆሞ ቀረ። ማታ ሉሲንዳ ሌላ ወሬ ይዛ ጠበቀችው። ሳሎማ እቃዋን እያሰረች ነው፤ ሐሚልተን ከተማ ልጇ ዘንድ ልትገባ። "ጥፋቴን እንኳ ሊሰሙኝ ካልፈለጉ ምን እሠራለሁ" ብላለች።

በነጋታው ኦዚያስ የሳሎማን በር አንኳኳ። ከፈተችለትና ፖም ወደምትልጥበት ጠረጴዛ ተመለሰች፤ ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች። እሱም ቆመ። ድንገት ቢላዋዋን እንደያዘች ዞረች።

"ሦስቴ ጠየቅሁህ እኮ! ወይስ ቤቴም ድረስ መጥተህ ልትዘምርብኝ ነው?"

"እህት ሳሎማ፣ ፊትሽን ካላየሁ አልሰማሽም። ደንቁሬያለሁ" አለ፣ በዚያችው ዝግ ያለች ድምፁ።

"ምን አልክ?"

"ደንቁሬያለሁ!" ሲል ድመቷ ከመስኮቱ ዘለለች።

ሹካዋን አውጥቶ አሳያት፤ ስለ እርካቧም ነገራት። ሳሎማ ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እኔ ደግሞ አንቅረህ የተፋኸኝ መስሎኝ ሌሊቱን ሳለቅስ" አለች። ከዚያ ምድር ቤት ወርዳ ራዲዮዋን ታቅፋ ወጣችና ድምፁን ከፍ አደረገችው። "እስቲ ይህስ ይሰማሃል?" ኦዚያስ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን የራዲዮዋ ሣጥን ላይ አስደገፈ። ድምፁ በአጥንቱ ገባለት።

"ነገ ይዘንባል ይላል" አለ በመጨረሻ። "ያሰጣሽው ልብስ ካለ አስገቢ።"

ሳሎማ ሳቋን ለቀቀችው። "በል እንግዲህ፣ አንተም አድምጠሃል።"

"አድምጫለሁ።" ፊቱ እንደገና ቀላ።

እሁድ መጀመሪያ የቆመው እሱ ነው። አንድ ነገር ተናገረ፤ ከኋላ አብነር "ጮክ በል ወንድም ኦዚያስ፣ አልሰማንም!" አለ። አንዳንዶች ሳቁ። ኦዚያስ ወደ እኛ ዞረና ደገመው።

"ጆሮዬ ከተያዘ ቆይቷል። ትሕትና ያላችሁት በሽታ ነው። እህታችንን ያቋረጥኳት ሳልሰማት ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዝም ያልሁት ግን አፍሬ ነው፤ ኃጢአቴ እሱ ነው። ራዲዮዋንም አድምጫለሁ።"

አብነር ጫማውን ማየት ጀመረ። ትሕትናውን ያመሰገንን ሁላችን ጫማችንን ነበር የምናየው። ቀጥላ ሳሎማ ተነሥታ ያቋረጠችውን ጨረሰች፤ ኦዚያስ ከንፈሯን እያየ ቆሞ ሰማት። ምናሴ የሁለቱንም ይቅርታ አወጀና ራሱን ነቀነቀ።

ኦዚያስ ወደ ሰባኪው አልዞረም። ጆሮዎቹ እስከ ጫፋቸው ቀልተው፣ ወደ ሴቶቹ ወገን ተመለከተ። ሳሎማ ነቀነቀችለት። ያኔ ሹካዋን ጉልበቱ ላይ መታ።