የቦኖው ወረፋ በእኔ አፍ

ሥራ ፈትቼ አሶሳ በተቀመጥኩባቸው ሦስት ዓመታት ሀብቴ እንግሊዝኛዬ ብቻ ነበር፤ እሱንም እንደ ዱላ ነበር የያዝኩት። የተመረቅኩት በእሱ፣ የምኮራው በእሱ፣ ሰው የምመታውም በእሱ። እናቴ በልጅነቷ ከወሎ በሰፈራ የመጣች ሴት ናት። ጠዋት ጠዋት ጫማዬን ስወለውል ታየኝና «አንተዬ፣ ይሄን ቋንቋ መቼ ነው የምንበላው?» ትለኛለች። ጫማዬን አስሬ እወጣለሁ። ንዴቴን ይዤ ቅዳሜን እጠብቅ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ፣ በቀርከሃ አጥር በተከለለች ጓሮ፣ ስድስት ሥራ ፈላጊዎች እንሰበሰባለን። የምንነጋገረው ስለ ሥራ ብቻ ነው፤ ያውም በእንግሊዝኛ። ስለራስህ ንገረን። ድክመትህ ምንድን ነው? ከአለቃህ ጋር ብትጋጭ ምን ታደርጋለህ? ከአምስት ዓመት በኋላ ራስህን የት ታየዋለህ? አምስት ሳንቲም የሚያስገኝ ሥራ የሌለው ሰው ስለ ሥራ ሲፈላሰፍ እንዴት እንደሚያምርበት! መሃል ላይ አንዲት የፕላስቲክ ወንበር አለች። ተራው የደረሰ እሷ ላይ ይቀመጣል፣ ሌሎቻችን እንጠይቀዋለን። «እንጠይቀዋለን» አልኩ እንጂ ጠያቂው እኔ ነበርኩ።

ክፉ ጠያቂ ነበርኩ። ሰው ቃል ሲጠፋው አልረዳውም፤ ዝም ብዬ ዓይን ዓይኑን አየዋለሁ። አንዲት የሂሳብ አያያዝ ምሩቅ «ለምን አንቺን እንቀጥራለን?» ብዬ ሦስቴ ደጋግሜ ስጠይቃት እያለቀሰች ወጥታ በዚያው ቀረች። ለሌሎቹ «ፈታኞቹ ከእኔ የባሱ ናቸው፣ እያጠነከርኳችሁ ነው» አልኳቸው። አመኑኝ። እውነቱን ለመናገር ግን ደስ ብሎኝ ነበር፤ በሳምንት ውስጥ እኔን የሚፈራ ሰው የማገኘው በዚያች ጓሮ ብቻ ነበር።

አንድ ነገር ልናገር፣ ካልተናገርኩት የኋላው አይገባም። ከተማው በሙሉ የሚያጠናው አንድ ዓይነት መልስ ነው። ፎቶ ኮፒ ቤቱ ከኢንተርኔት የተለቃቀመ ጥያቄና መልስ ያባዛል፣ ሥራ ፈላጊውም ይገዛል፣ ይሸመድዳል። በዚህ የተነሳ ፈታኞች ፊት የቀረበ ሁሉ ድክመቱ «ሥራ ማብዛት» ነው፤ ሁሉም ከአምስት ዓመት በኋላ ራሱን የሚያየው እዚያው መሥሪያ ቤት በከፍተኛ ኃላፊነት ነው። ፈታኞቹ ተንገሽግሸዋል። ሁለት ሰው አንድ መልስ ይዞ ከቀረበ ሁለተኛው አለቀለት፤ ሸምዳጅ ይባልና ወረቀቱ ወደ ጎን ይገፋል። እኔ ይህን አውቃለሁ። ለዚህም ነው «የራሳችሁን ገጠመኝ አምጡ» እያልኩ የምጮኽባቸው።

የራሱ ገጠመኝ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነው። በዕድሜ ይበልጠናል፣ ጋሼ እንለዋለን። የአካባቢው ተወላጅ፣ የበርታ ሰው ነው፤ አማርኛው ሁለተኛ ቋንቋው፣ እንግሊዝኛው ደግሞ ሸርቆሌ መጠለያ ጣቢያ ከስደተኞቹ ጋር ሲውል በጆሮው የለቀመው። ዲፕሎማ አለው፤ ሥራው ግን ጣቢያው ውስጥ ቦኖ መጠበቅ ነበር። ቧንቧውን ይከፍታል፣ ወረፋ ያስይዛል፣ ይዘጋል። ያም ሥራ በሁለት ወር ውስጥ እንደሚያበቃ ተነግሮታል። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ተጭኖ፣ አቧራውን ከቅንድቡ እየጠረገ ይመጣል። እኔን «ኡስታዝ» ይለኛል፣ መምህር ማለቱ ነው። የሚያሾፍ መስሎኝ ነበር፤ አይደለም፣ ከልቡ ነው።

ለምን እንደሚለፋ በመጀመሪያው ቀን ነግሮናል። ትልቋ ልጁ ስምንተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ዘጠነኛን ለመማር አሶሳ መጥታ ቤት ተከራይታ መቀመጥ አለባት። «ልጅ በጣም ጎበዝ ነው» አለን ስለ ልጁ፤ ሴት ወንድ ሳይለይ ነው አማርኛ የሚናገረው። «እኔ ሥራ ካገኘ እሱ ይማራል። ካላገኘ ቤት ይቀመጣል። ሌላ የለም።» እኔ ያን ጊዜ የሳቅኩት በአነጋገሩ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ወንበሯ ላይ ተቀምጦ «በሥራ ላይ የፈታኸውን ግጭት ንገረን» አልኩት። በእንግሊዝኛ ጀመረ፣ ተደነቃቀፈ፣ ላብ አጠመቀው፣ ወደ አማርኛ ገባ። በደንባችን አማርኛ ክልክል ቢሆንም ተውኩት።

«ውሃ ትንሽ ሆነ» አለ። «ጀነሬተር ተበላሸ። በዚህ በኩል ሰው አለ፣ በዚያ በኩል ሌላ ሰው አለ፣ ቋንቋ አይገናኝም። ሁሉ እኔ ፊት ነኝ ይላል። ድንጋይ አነሳ። እኔ ሰው አልነካም፣ ጀሪካን ብቻ ነካ። አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ፣ አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ አሰለፈ። አሁን አንተ ፊት ነህ፣ ኋላህ ደግሞ እሱ ነው። የፊቱን ሰው ብትመታ ያንተ ጀሪካንም አይሞላም።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አንድ ሰው ‹አንተስ የማን ወገን ነህ› አለኝ። የሚስቴ ጀሪካን አራተኛ ነበር። ወላሂ፣ አነሳሁና መጨረሻ ወሰድኩ። ሁሉ ሰው አየ፣ ድንጋይ ጣለ። ውሃው ለሚስቴ አልደረሰም። ሚስቴ ሳምንት ሙሉ አላናገረኝም።»

ቅናት ምን እንደሚመስል ከዚያ በፊት አላውቅም ነበር። እኔ ለዚያ ጥያቄ ያዘጋጀሁት መልስ የዩኒቨርሲቲ መኝታ ክፍል ውስጥ መብራት ማታ ይጥፋ አይጥፋ የሚል ጭቅጭቅ ነበር። በሃያ ሰባት ዓመት ዕድሜዬ የማንንም ድንጋይ አስጥዬ አላውቅም።

«ይሄን በእንግሊዝኛ እጽፍልሃለሁ» አልኩት። ጻፍኩለት። እጄን አልሰሰትኩበትም። መግቢያውን አሳመርኩ፣ ድንጋዮቹን አስቀደምኩ፣ የሚስቱን ጀሪካን መጨረሻ ላይ አመጣሁ፣ የሚያዳምጠው ሰው ትንፋሹን የሚይዝበትን ቦታ መረጥኩ። አምስት ቅዳሜ አስጠናሁት። አንድ ቃል ከሳተ ከመጀመሪያው አስጀምረዋለሁ። አንድ ቀን አሥራ ሦስት ጊዜ አስደገምኩት፤ ፀሐይ አናቱ ላይ፣ ጾም ላይ ነበር፣ ረመዳን። ሌሎቹ «ኧረ ይብቃው» ሲሉኝ ጋሼ ራሱ «ተው፣ ኡስታዝ ልክ ነው» አላቸው። በመጨረሻ እንደ ውሃ ይወርድለት ጀመር። ስንት ጊዜ እንደሰማሁት መገመት አልችልም። እኔም በቃሌ እወጣው ነበር።

ከዚያ ማስታወቂያ ወጣ። አንድ የእርዳታ ድርጅት ለሸርቆሌ የማኅበረሰብ አስተባባሪ ይፈልጋል፤ ብዛት አንድ። የቀረነው አምስታችንም አመለከትን። ለቃለ መጠይቅ የተጠራነው ግን ከእኛ ውስጥ ሁለት ብቻ ነን፤ እሱና እኔ። እሱ ደስ አለው። «ካንተና ከእኔ አንዱ ካገኘ ሁለታችን አገኘ» አለኝ። እኔ እንደዚያ አልተሰማኝም። ሥራው ለእሱ የተሰፋ ነው፤ ቋንቋውን ያውቃል፣ ሰዎቹን ያውቃል፣ ጣቢያውን ያውቃል። እኔ ያለኝ እንግሊዝኛ ነው። እናቴም የጥሪውን ወረቀት ስታይ ተንበርክካ መሬቱን ሳመች፤ ያን ካየሁ በኋላ ባዶ እጄን ወደ ቤት መመለስ የማይታሰብ ሆነብኝ።

ድንገት ከአፌ አመለጠኝ ብዬ ማለፍ እችላለሁ። ለብዙ ጊዜ ለራሴም እንደዚያ ነበር የምነግረው። ውሸት ነው። ጠዋት ባጃጅ ውስጥ ሆኜ «ሚስቴ» የሚለውን «እህቴ» አድርጌ ቀይሬዋለሁ። ሚስት እንደሌለኝ ማመልከቻዬ ላይ ተጽፏል። ቦኖውንም ከመጠለያ ጣቢያ አውጥቼ እናቴ ሰፈር ወስጄዋለሁ። እንዲህ አስቦ የሚሠራ ሰው «አመለጠኝ» አይልም።

ፈታኞቹ ሦስት ነበሩ፤ መሃል ላይ አንዲት መነጽር ያደረጉ ትልቅ ሴትዮ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ወንዶች። ስለራሴ ተናገርኩ፣ አዛጉ። ስለ ድክመቴ ተናገርኩ፣ አንደኛው ስልኩን አየ። ከዚያ ሴትዮዋ ስለ ግጭት ጠየቁኝ። ጀመርኩ። ድንጋዮቹ ጋ ስደርስ ባለስልኩ ቀና አለ። ጀሪካኖቹን አንድ ከዚህ፣ አንድ ከዚያ ስደረድር ሴትዮዋ መጻፍ አቆሙ። የእህቴን ጀሪካን አንስቼ መጨረሻ ወሰድኩ። ራሴ በመረጥኩት ቦታ ላይ ትንፋሻቸውን ያዙ። «እህትህ ምን አለችህ?» አሉኝ ሴትዮዋ። «ሳምንት ሙሉ አላናገረችኝም» አልኳቸው። ድምፄ ተሰበረ፤ ያኔ አስመስዬም አልነበረም። እህት የለኝም።

ስወጣ ጋሼ ኮሪደሩ ላይ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ቀጣዩ እሱ ነው። ከአጎቱ ልጅ የተዋሰው ኮት ትከሻው ላይ ሰፍቶበታል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ እየደገመ ነው። ሲያየኝ ተነሳ።

«ኡስታዝ፣ ምን ጠየቀ?»

አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃው ነበር። «ጀሪካኑን ተወው፣ ሌላ ነገር ተናገር» ማለት። ሌላ ሃያ ገጠመኝ ነበረው፤ የሰው ኑሮ ኖሯላ! ጊዜም ነበረን፤ ለፈታኞቹ ሻይ ገብቶላቸው ነበር፣ በሩ ዝግ ነው። ግን ብነግረው «ለምን?» ይለኛል። እሱን መመለስ አልቻልኩም። ደግሞ፣ ይህንም ልናገረው፣ በተሰባበረ እንግሊዝኛ አዲስ ታሪክ ቢነግራቸውም ሊበልጠኝ እንደሚችል ገብቶኝ ነበር።

«ያው ነው» አልኩት። «የተለማመድነውን በል። ቃል በቃል።»

ኮሌታውንም አስተካከልኩለት። «ጀዛከላህ» ብሎ አመስግኖኝ ገባ።

ሥራው ደረሰኝ። እናቴ ጎረቤት ጠርታ ደገሰች፤ «ልጄ በአፉ በላ» እያለች። የሆነውን የሰማሁት ከሦስት ወር በኋላ፣ ካፌ ውስጥ ምሳ ስንበላ፣ ያ ስልኩን ያይ የነበረው ፈታኝ አሁን የሥራ ባልደረባዬ ሆኖ ሲያወራ ነው። «ከአንተ ቀጥሎ የገባው ሰውዬ ትዝ ይልሃል? ኮቱ የሰፋው?» አለና ሳቀ። «የአንተን ታሪክ ከእነ ድንጋዩ አመጣልን። እህትህን ሚስቱ አድርጎ! ሴትዮዋ አስቆሙትና ‹ይህንን ቅድም ሰምተነዋል፣ የራስህ የለህም?› አሉት። ደርቆ ቀረ። ከዚያ ‹ይቅርታ› ብሎ ተነስቶ ወጣ። ስንት ዓይነት ሌባ አለ መሰለህ።»

እኔም ሳቅኩ። ምሳዬንም ጨረስኩ።

ከዚያ በኋላ ጋሼን እየሸሸሁት ኖርኩ። የቦኖው ሥራ ማብቃቱን ሰምቻለሁ። ወደ ሸርቆሌ ስንሄድ መኪና ውስጥ መስኮቱን ዘግቼ እቀመጣለሁ። ግን ትንሽ አገር ነው፤ አንድ ቀትር ላይ መንገድ ዳር ቆመን ሾፌሩ ጎማ ሲያይ፣ ጋሼ ሚኒባስ ላይ ቀርከሃ ሲጭን አየኝ። ሸክሙን አውርዶ ወደ እኔ መጣ። ሊሰድበኝ ነው ብዬ ተዘጋጀሁ፤ እንዲያውም ቢሰድበኝ በወደድኩ። ሰላምታ ሰጠኝ፣ እናቴን ጠየቀኝ። እኔም ስለ ልጁ ጠየቅኩት።

«ቤት አለ» አለኝ። «እናቱን ያግዛል።»

ከዚያ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገና ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ወንበሯ ላይ ሲቀመጥ ያደርገው እንደነበረው። በእንግሊዝኛ ጀመረ። ያዘጋጀው ነገር ነበር፤ አንድም ቦታ አልተደነቃቀፈም። ያን ቀን ስላደረገው ነገር በጣም እንደሚያዝን፣ በእኔ ላይ ጥርጣሬ አምጥቶ ሥራዬን ሊያሳጣኝ ይችል እንደነበር፣ ይህንንም ሊነግረኝ ብዙ ጊዜ እንደፈለገኝ ነገረኝ። ምን ሊል እንደፈለገ አልገባኝም። ፊቴን አይቶ ወደ አማርኛ ተመለሰ።

«ቃሉ ያንተ ነበር፣ ኡስታዝ። አንተ የጻፈው። ፈታኝ ያንተ ቃል መሆኑን አወቀ። እኔ ያንተ ቃል ይዤ መግባት አልነበረብኝም። ማሌሽ፣ ይቅር በለኝ።»

ያስተማረው ሰው ሰረቀኝ ብሎ ማሰብ ወደ ጭንቅላቱ አልመጣም። ፈታኞቹ «ቅድም ሰምተነዋል» ያሉት ታሪኩን ሳይሆን የእኔን እንግሊዝኛ ነው፣ እሱ አሳበቀብኝ ብሎ ነው ያመነው። ያኔም አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር። ሾፌሩ ጡሩንባ ነፋ፤ ባልደረባዬ፣ ያ ፈታኝ፣ ከኋላ ወንበር ሆኖ በመስኮቱ እያየን ነበር።

«ችግር የለም» አልኩት። «ለሌላ ጊዜ ግን የራስህን ታሪክ ተናገር።»

«እሺ፣ ኡስታዝ» አለኝና ወደ ቀርከሃው ተመለሰ።