የአናጺው እርሳስ

አናጺው ከጠበቃዋ ቢሮ ፊቱ በርቶ ወጣ። ቀኝ እጁ በፋሻ ተጠቅልሏል፤ የሚሠራበት ፋብሪካ መጋዝ ሁለት ጣቶቹን ወስዶበታል። እርሳሱ ግን ዛሬም ቀኝ ጆሮው ላይ እንደተሰካ ነው።

ተራ ለምንጠብቀው ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ካሳው የሕክምናው ብቻ መስሎኝ!» አለን። «ለካ የቀረብኝ ደመወዝም አለ! ወደፊት የማላገኘውም፣ ሕመሙም ሳይቀር ይታሰብልኛል!»

«እሰይ የኔ ልጅ!» አሉ አጠገቤ የተቀመጡት እናት።

«የልጄን አልጋም እጨርሳለሁ! ቆይ ላሳያችሁ…»

አልጋውን በፖስታ ጀርባ ሊነድፍልን ቀኝ እጁን ወደ ጆሮው ሰደደ። እርሳሱ በፋሻው ተገፍቶ ወደቀ።

እሱ ጎንበስ ብሎ በግራ እጁ አነሳው፤ ግራ ጆሮው ላይ ሰካው።

«ግራዬም እንግዲህ ሥራ ይልመዳ!» ብሎ ሳቀ።