ትከሻውን እይ

ወንድሜ ፒንግ ፖንግ ያስተማረኝ ቡራዩ፣ ከሰፈራችን ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ ላይ ነው። መረቡ ከተቀደደ ቆይቷል፤ በሁለት ብሎኬት ላይ ጣውላ አጋድመን ነበር የምንጫወተው። ያሸነፈ ይቆያል፣ የተሸነፈ ራኬቱን ያስረክባል። ወንድሜ ራኬቱን የሚያስረክበው ሲመሽ ብቻ ነበር።

«ኳሷን አትይ» ይለኝ ነበር። «ኳሷ የምትነግርህ ካለፈች በኋላ ነው። ትከሻውን እይ።»

ትከሻ ማየት የለመድኩት በጓደኛው ነው። አብረው ነው ያደጉት። እኛ ቤት ይበላል፣ እኛ ቤት ያድራል። ሲጫወት ተንኮለኛ ነው፤ ዓይኑ ወደ ቀኝ እያየ ወደ ግራ ይመታል። ግን ሊያታልል ሲል የግራ ትከሻው ትንሽ ዝቅ ይላል። ራሱ አያውቀውም። ወንድሜ ቀድሞ ሄዶ ይቆምና ይስቅበታል።

«እዚህ ነኝ! ምነው ዘገየህ?»

«አንተ ጠንቋይ ነህ እንዴ?»

«አንተው ነህ የምትነግረኝ!»

የትከሻውን ነገር ግን ነግሮት አያውቅም። ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ።

ከዚያ የማስተር ፕላኑ ነገር መጣ። የገበሬው መሬት ወደ አዲስ አበባ ሊገባ ነው ተባለ። ተማሪው ወጣ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ወታደር ሰፈሩን ሞላው። ወንድሜ ከፊት ነበር። መፈለጉን ሲሰማ ሱሉልታ አክስታችን ጋ ተደበቀ። አልቻለም፣ ተመለሰ። መመለሱን ከቤተሰብ ውጪ ያወቀው ጓደኛው ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ጓደኛው ከበር ተጣራ። «ኮቱ!» አለ በኦሮምኛ። «ና ውጣ፣ ወታደሮቹ ሄደዋል። ጠረጴዛው ባዶ ነው።»

እናቴ «አትወጣም» አለች።

«እማዬ፣ አንድ ጌም ብቻ። ቀጥቼው እመጣለሁ።»

ተከትዬው ወጣሁ። ጥቂት ኳስ ተቀባበሉ። ከዚያ ጓደኛው፣ ተራው የእሱ ነበር፣ ኳሷን በእጁ ያዘና ሳይመታ ወደ ኋላ ራቀ። ከጠረጴዛው ራቀ፣ ከወንድሜም። መንገዱ ጭር ብሏል፤ ምንም ድምፅ አልነበረም።

«ምታ እንጂ!» አለው ወንድሜ።

የወታደሮቹ ፒካፕ ከማዕዘኑ ብቅ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። ወንድሜን ጭነው ሄዱ። ጓደኛውን የነካው የለም።

ወንድሜ ሬሳው ነው የመጣው። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ድንኳን ተጣለ፤ ከሰበታም ከሆለታም ዘመድ መጣ፣ የማናውቀው ሰው ሁሉ መጣ። ጓደኛው አልመጣም።

የሰው ሁሉ ትከሻ የሚያነበው ወንድሜ ያን ቀን ለምን እንዳላየ አስባለሁ። ምናልባት ጓደኛህ ከበር ሲጠራህ ትከሻ አታይም።

ሰፈሩ ሲረጋጋ ጓደኛውን ጠረጴዛው ጋ አገኘሁት። ራኬት ሰጠኝ። ተጫወትን። ኳሷን እያመጣ እጄ ላይ ያስቀምጥልኛል። ትከሻው አንዴም ዝቅ አላለም። እንዳሸንፈው ነው የፈለገው። እኔ እንደዚያ ማሸነፍ አልፈለግኩም። ኳሷን በእጄ ያዝኩ።

«መኪናው እንደሚመጣ በምን አወቅክ?» አልኩት።

ዓይን ዓይኔን አየኝ። «የቱ መኪና?»

የግራ ትከሻው ዝቅ አለ።

ራኬቱን ጣውላው ላይ አስቀምጬ ሄድኩ። ለእናቴ አልነገርኳትም፤ እንደ ልጇ ነበር የምታየው። አሁንም በር ሲንኳኳ ቀና ብላ ታያለች። «ያ ልጅ አሞት ይሆን?» ትለኛለች። «አለዚያማ ለቅሶ አይቀርም ነበር።»