ሆዳሙ ንግሥት አልበላም ያለ ዕለት

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ጠጋኟ በትርፍ ሰዓቷ የሠራችው የቼዝ ፕሮግራም አንድ አመል ነበረበት፤ የሰጡትን ሁሉ ይበላል። አባቷ የሰው ሆድ ባንድ እይታ መለካት የለመዱ ልብስ ሰፊ ናቸውና በሁለተኛው ጨዋታ ነቁበት። ፈረሳቸውን ወስደው ከፕሮግራሙ ንጉሥ ደጃፍ ያስቀምጣሉ፤ የንጉሡ ጠባቂ ወታደር ቦታውን ለቆ ዋጥ። ሌላ ይጨምራሉ፤ ዋጥ። ከዚያ ንጉሡ አጥሩ ፈርሶበት መግቢያ ያጣል።

«ሆዳምሽ ዛሬም ጠግቦ ሞተ!»

እሷን ቀልዱ አላሳቃትም። የአባቷ ዓይን ደክሟል፤ ባለፈው ወር የጎረቤት ኮት ላይ የግራውን እጅጌ በቀኝ ገጥመዋል፤ ጣታቸውም በመርፌ ተወጋግቷል። ሐኪም ዘንድ እንሂድ ስትላቸው «ማሽንሽ ያሸነፈኝ ዕለት መነጽር አደርጋለሁ» ብለው አረፉት።

ጣጣው እንዲህ ነው። ፕሮግራሙ አራት እርምጃ አርቆ ያያል፤ እዚያ ሲደርስ ቆሞ ጠጠር ይቆጥራል። ፈረስ በልቷልና «አተረፍኩ» ይላል። ንጉሡ የሚያዘው ግን በሰባተኛው እርምጃ ነው! ከአጥሩ ወዲያ የማያይ ዘበኛ ማለት ነው።

ስለዚህ ቅጣት ጻፈችለት፤ ከንጉሡ ፊት የቆመ ወታደር ቦታውን ከለቀቀ አሥራ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል።

እሑድ ከሰዓት ተቀመጡ። አባቷ ንግሥታቸውን አንስተው ከንጉሡ ጠባቂ ወታደር አፍ ላይ አኖሯት። ወዲያው እጃቸው ባዶውን ጎረቤት ካሬ መዳበስ ጀመረ።

«አባዬ፣ ምን ጠፋህ?»

«ምን ይጠፋኛል? ስልት ነው!»

ንግሥት የምታወጣው ዘጠኝ ነጥብ ነው፤ ቅጣቱ አሥራ ሁለት። ፕሮግራሙ አሰበ፣ አሰበና የዳር ወታደር ገፋ። ሆዳሙ ጾመ! አባቷ ንግሥታቸውን በዳበሳ አግኝተው አሸሿት፤ ጨዋታውንም አሸነፉ።

«አየሽ? ስሜን ሲሰማ ይንቀጠቀጣል።»

«ስምህን አይደለም፤ የኔን ቁጥር ነው የፈራው። አንተም ብትሆን ንግሥትህን በስህተት ነው ያስቀመጥካት።»

«በስህተት ያሸነፈ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አሁን አየሁ።»

አባቷ ሳቁ፤ የመነጽሩን ውርርድ ግን አልተዉም።

አሁን ሁለት ነገር እየሞከረች ነው። ቅጣቱን ከንግሥቲቱ ዋጋ በታች ታወርዳለች፤ ንጉሡ ቼክ ተብሎ ሲጠቃ ደግሞ ፕሮግራሙ አራተኛው እርምጃ ላይ ከመቆም ይልቅ ቼኩ እስኪያበቃ ወደፊት እንዲያይ ታደርጋለች። አባቷ ለስለላ መጥተው አፍንጫቸውን የኮምፒውተሩ መስታወት ላይ ለጥፈዋል።

«ቅጣቱን ስንት አደረግሽው?»

«ተጽፏል እኮ፣ አንብበው።»

«...ስምንት።»

«ሦስት ነው፣ አባዬ።»

አባቷ አፍንጫቸውን ከመስታወቱ አነሱ። «ይሁን፤ መጀመሪያ ያሸንፈኝ» አሉና ጠጠሮቹን መደርደር ጀመሩ። አንዱን ፈረስ ሳያስተውሉ ወደ ኋላ አዙረው አቆሙት። እሷም ሳትነግራቸው ፕሮግራሙን አስነሳችው።