በረዶ የነካው ብልቃጥ

የምነግራችሁ የድሮ ነገር መቼ እንደሆነ በትክክል ማለት አልችልም፤ ክረምት እንደነበር ግን አልረሳም። ባለፈው ሳምንት ኢንሱሊን ስገዛ የፋርማሲዋ ልጅ፣ «አባባ፣ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡት፤ በረዶ ቤቱ ግን እንዳያስገቡት» አለችኝ። ያ የድሮ ነገር ትዝ ብሎኝ ባለሁበት ቆሜ ቀረሁ። እርጅና መስሏት ወንበር ሰጠችኝ።

በወጣትነቴ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ዓሣ ስሸጥ ቆይቼ አንድ ላቦራቶሪ በተላላኪነት ተቀጠርኩ። እዚያ አንድ ዶክተር ሉፐስ የሚሉትን በሽታ ያጠኑ ነበር። በዚህ በሽታ ሰውነት ጠላት ያገኘ መስሎት የገዛ ራሱን ይወጋል። ይህን በደም ውስጥ የሚያሳያቸው ከአዲስ አበባ የሚመጣ ፀረ እንግዳ አካል የሚባል ፈሳሽ ነው። በሽታው ካለ ይጣበቅበትና በማይክሮስኮፕ አረንጓዴ ያበራል።

አንድ ዓርብ ብልቃጡን ተረክቤ «ቀዝቃዛ ቦታ አድርገው» ተባልኩ። ዓሣ በረዶ በበዛለት ቁጥር ይሻለዋል፤ እኔም የማውቀው ይህንኑ ነው። በረዶ ቤቱ ውስጥ ቀበርኩት።

ሰኞ ጠዋት የላቦራቶሪዋ ባለሙያ፣ «ብልቃጡን ከታችኛው መደርደሪያ አምጣልኝ። በረዶ አልነካውም አይደል? ከነካው አይሠራም» አለችኝ። ሳወጣው ድንጋይ ሆኗል። መዳፌ ውስጥ አቅልጬ፣ በሸሚዜ ጠርጌ ሰጠኋት። ማንም አላየኝም።

ውጭ አግዳሚው ላይ ከሐዋሳ አጠገብ ካለችው ከቱላ በጭቃ የመጣች ሴት ተቀምጣለች። ጉንጮቿ ቀልተዋል፣ ጣቶቿ አብጠዋል። ከያዘችው ቅቅል በቆሎ ገምሳ ሰጠችኝ።

«ብላ እንጂ ወንድሜ። ውጤቴ ዛሬ ይደርሳል?»

በቆሎውን ሳልቀምስ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኩት። ፈሳሹ ሞቶ ከሆነ ደሟ አያበራም። ደህና ነሽ ብለው ይሸኟታል፤ በሽታው ግን ውስጥ ውስጡን ኩላሊቷን ይበላል።  ወደ ውስጥ፣ ወደ ባለሙያዋ ተመለስኩ።

«እህቴ፣ ብልቃጡ በረዶ ቤት ነበር የከረመው።»

«አንተ፣ ዓሣ መሰለህ?»

አልጮኸችብኝም። በሽታው እንዳለበት ከሚታወቅ ደም ቀንሳ ሞከረችበት፤ ሲያልቅ ና እይ አለችኝ። አጎንብሼ አየሁ። ጨለማ ብቻ።

«ለዶክተሩ ንገሪልኝ» አልኩ።

«የምትነግራቸውማ አንተ ነህ። እኔ አጠገብህ እቆማለሁ።»

ለዶክተሩ ራሴ ነገርኳቸው። ከዚያ ሴትዮዋ ሌላ ቀን እንድትመለስ አዘዙ። ሌላ ብልቃጥ መጣ፤ ደሟም ዝናብ እንደጠገበ ሣር አረንጓዴ ሆኖ አበራ። መድኃኒቷን ጀመረች። እኔንም አላባረሩኝም፤ ፍሪጁን ግን ዳግመኛ አልነካሁም።

እስካሁን የሚያስፈራኝ፣ ዝም ለማለት ምን ያህል ቀርቤ እንደነበር ነው። ያቺ ሴት ደስ ብሏት ቱላ ትገባ ነበር፤ እኔም ምንም እንዳላጠፋ ሰው እበላ እጠጣ ነበር። ብቻዬን ብሆን ከዶክተሩ በር ላይ እመለስ ነበር። ወደ ኋላ ስል ክንዴን ይዛ ያስገባችኝ ያቺ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት፤ አስቴር።