ማግኔቱ ያዘን

አክስቴን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የቁልፍ ድምፅ ነው። ሳዑዲ፣ ደማም፣ አል ነኺል ሰፈር፣ አንድ ቪላ ውስጥ አብረን እንሠራ ነበር። ማዳም ከውጭ ቆልፋብን ስትሄድ አክስቴ ሁሌ «ማግኔቱ ያዘን» ትል ነበር።

የማግኔቱን ነገር ያመጣችው ዩኒቨርሲቲ የምትማረው የማዳም ልጅ ናት። ማግኔታር የሚባለውን ኮከብ ራጅ፣ ጠፈር ላይ ባሉ ቴሌስኮፖች እንደምታጠና ስትነግረን አክስቴ ደነገጠች።

«ኮከቡ ኢቃማ ሊያወጣ ነው እንዴ?»

እኛን ያስመጣን አሠሪ፣ ካፊላችን፣ ለመኖሪያ ፈቃዱ ለኢቃማ ብሎ ደረታችንን ራጅ አስነስቶን የለ! ልጅቷ ስቃ አስረዳችን። ራጁን የሚረጨው ኮከቡ ራሱ ነው። ማግኔቱ ከማየሉ የተነሳ የጋለውን ጋዝ ጠፍሮ ይይዘዋል፤ ራጁ ግን አምልጦ ይወጣል።

«እሱም ካፊል አለው በይኛ!» አለችኝ አክስቴ።

በኋላ ሳል ሲጠናባት ሐኪም ቤት ራጅ ተነሳች። አገሯ ገብታ እንድትታከም የመውጫ ፈቃዱን፣ ኹሩጅ፣ ብንለምን፣ ካፊላችን «ቡክራ» እያለ ነገን በነገ ላይ ደረበባት። ወደ አገር ቤት የምትገባ ጎረቤት፣ እዚያ ሐኪም እንዲያየው ብላ ራጁን ለእናቴ ወሰደችላት። አክስቴ እዚሁ አረፈች።

ዛሬም ቁልፉ ከውጭ ሲዞር አክስቴ «ማግኔቱ ያዘን» እስክትል እጠብቃለሁ። ከዚህ ቤት ያመለጠው ራጇ ብቻ ነው።